የአጎቴ እግር

ፔዳል ስቲል ጊታር የሚባለውን መሣሪያ የፈጠረውን ሰው አላውቀውም። ባገኘው ግን አንቄ ይዤ "ለመሆኑ የሰው ልጅ ስንት እጅና ስንት እግር ያለው መስሎህ ነው?" እለው ነበር።

ስሙ ጊታር ይሁን እንጂ ጊታር አይመስልም። አራት ቀጫጭን እግር ያለው ጠባብ ጠረጴዛ በሉት። ላዩ ላይ አሥር ክር ተወጥሯል። ቀኝ እጅ አውራ ጣቱና ሁለት ጣቶቹ ላይ ጥፍር መሳይ ነገር አጥልቆ ክሩን ይመታል። ግራ እጅ ድብልብል ብረት ይዞ ክሩ ላይ ያንሸራትታል፤ አይጫንም፣ አይለቅም፣ ያንሸራትታል። ከክሩ ስር የተሳሉ መስመሮች አሉ፤ ለዓይን ናቸው እንጂ ምንም አይዙም። ብረቱ ከመስመሩ የፀጉር ያህል ፈቀቅ ካለ ድምፁ ጅራቷን እንደተረገጠች ድመት ነው። ይሄ የእጁ ብቻ ነው። ቀኝ እግር ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ፔዳል ላይ ይቀመጣል። ግራ እግር ሦስት ፔዳሎች ላይ ይመላለሳል። ፔዳሉ ሲረገጥ ከመሣሪያው ሆድ ስር ያሉት ዘንጎች ክሩን ይስቡታል፤ ክሩ እየጮኸ ሳለ ድምፁ ሽቅብ ይወጣል፣ ለቅሶ ሲጀምረን ድምፃችን እንደሚያደርገው። ጉልበቶችም አላረፉም፤ በግራና በቀኝ የሚገፏቸው ማንሻዎች አሏቸው። ይሄ ሁሉ የሚደረገው በአንድ ጊዜ ነው። በአንድ ጊዜ!

ያስተማረኝ አጎቴ ነው፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም። አስተማረኝ ስል አፌን ይመረኛል፤ ለምን እንደሚመረኝ ትሰማላችሁ። ፊት ለፊቱ "ጋሼ" እና "እርስዎ" ነው የምለው። እዚህ እሱ የለም፤ ስለዚህ አንቱታውን ትቼዋለሁ። የሚቀየም ካለ ይቀየም።

በከተማችን ይህን መሣሪያ የሚነካ ከሱ በቀር ሰው አልነበረም። ቅዳሜ ከሰዓት ሰው የሚጨፍርበት አዳራሽ አለ፤ የባንዱ ስቲል ተጫዋች እሱ ነው። ዘፋኝ ይቀያየራል፣ ድራመር ይቀያየራል፣ እሱ ግን እዚያው ወንበር ላይ ነው። ምላሱ እሬት ነው፤ ሰላም ሲል እንኳ የሰደበ ይመስላል። ብረቷን ክሩ ላይ ሲያሳርፍ ግን የት እንደሚሄድ አላውቅም፣ ያ ሰው ይጠፋል። እሱ ሲጫወት ሰምቶ ደህና ሆኖ ቤቱ የገባ ሰው ካለ ጆሮውን ይታይ።

እኔ የደንብ ልብስ የሚሰፋበት ፋብሪካ ነው የምሠራው፣ የሱሪ ኪስ ላይ። አባቴ ከሞተ ወዲህ የምኖረው አጎቴ ቤት፣ ጋራዡን ታክካ በተሠራች ክፍል ውስጥ ነው። ቀን ተቆጣጣሪዋ ትጮህብኛለች፣ ማታ አጎቴ ይጮህብኛል። የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ያንን የአዳራሽ ወንበር። ከፋብሪካውም ከዚያች ክፍልም የሚያወጣኝ ሌላ በር አልነበረኝም። ደግሞ ልዋሽ አልፈልግም፤ ድምፁ ራሱ ገድሎኝ ነበር።

ልማር ብዬ መጀመሪያ የጠየቅሁት ቀን ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

"አንቺ ስፌት" አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ስፌት ሆኖ ቀረ። "ይሄ እኮ ኪስ አይደለም።"

"የፋብሪካው መኪናም ፔዳል አለው ጋሼ። በጉልበት የሚገፋም አለው።" እውነቴን ነው፤ የእኛ የስፌት መኪና ጨርቁን የሚጫነው እግሩ የሚነሳው በጉልበት ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቀኝ ጉልበቴ ሲገፋ ይውላል።

"እንግዲያው ሂጂና ሱሪ ስፊልኛ!" አለና ሳቀ።

እንዲህ ብሎኝ ሲያበቃ በሳምንቱ ሐሳቡን ለወጠ። ዋናው መሣሪያ የባንዱ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ በሳጥን ተቆልፎ ነው የሚያድረው። የራሱ አሮጌ መሣሪያ ግን ጋራዡ ውስጥ አቧራ ለብሶ ተቀምጦ ነበር። "ቆይ፣ ላስተካክልልሽ" አለና አንድ ሙሉ እሁድ ጋራዡን ዘግቶ፣ ከመሣሪያው ስር ተጋድሞ መፍቻ ሲያዞር ዋለ። እኔ ጅሏ በር ላይ ቆሜ ውኃ አቀብለው ነበር።

ከዚያ መከራዬ ጀመረ። እዚያ መሣሪያ ላይ አንድ ቀን ተቀምጦ አላሳየኝም። ከኋላዬ ይቆምና በትከሻዬ ላይ እጁን አሻግሮ ክሩን ራሱ ይመታል፤ የእኔ ሥራ መርገጥ ነው። "ግራው አንድ፣ መሃሉ ሁለት፣ ቀኙ ሦስት። አንድን ርገጪ! ሁለትን ጨምሪ! አንድን ልቀቂ! ጉልበት! ጉልበት አልኩ፣ አንቺ ደረቅ!" ሲለኝ ምራቁ ጆሮዬ ላይ ያርፋል። እጄን ሲያስጀምረኝ ደግሞ ባሰ። "ብረት ነው የያዝሽው፣ ማንኪያ አይደለም።" "ጆሮሽን ፋብሪካው ውስጥ ረስተሽው መጣሽ?" "አባትሽም እንዲሁ ነበር፣ ነገር አይገባውም።" ይሄኛውን በተለይ እስካሁን ጥርሴ ውስጥ ይዤዋለሁ።

ብረቱን መስመሩ ላይ ሳቆም እግሬ ይረሳል። እግሬን ሳስታውስ ጉልበቴ ይቀራል። ጉልበቴን ስገፋ ቀኝ እግሬ ድምፁን ለቆ ጋራዡን ያናውጠዋል። ሁለቱም ጉልበቶቼ በማንሻው በልዘው ሐምራዊ ሆኑ። ጎረቤታችን አናጢው አንድ ቀን አንገቱን በአጥሩ ላይ አውጥቶ "የታመመ ሰው አለ እንዴ?" ብሎ ጠየቀ፤ ሰውዬው ከልቡ ነበር። የአጎቴ ሚስት፣ እትዬ የምላት፣ ጥጥ ጆሮዋ ውስጥ ወትፋ ነበር ወጥ ቤት የምትገባው። ፋብሪካ ውስጥ ደግሞ ልቤ ዘፈን ላይ ሄዶብኝ ፔዳሉን ያለ ቦታው ረግጬ የኪስ አፍ ሰፍቼ ዘጋሁ። ተቆጣጣሪዋ ሱሪውን ፊቴ ላይ ወረወረችው።

"ይሄ ሱሪ የሚለብሰው ሰው እጁን የት ያግባ? አፍሽ ውስጥ?" አለችኝ።

ስልኬ ላይ ሌሎች ሲጫወቱ ልይ ብዬ ፈለግሁ፤ ያገኘኋቸው ሁሉ የሚያሳዩት እጃቸውን ነው። አዳራሽ ሄጄ የአጎቴን እግር ልይ ብል ደግሞ እሱ ከመሣሪያው ፊት ጥቁር ጨርቅ ይጋርዳል። ለጌጥ ይመስለኝ ነበር። ጨርቁ ለምን እንደሆነ ድራመሩ ጠይቆት "እግሬን ሌባ እንዳይሰርቀኝ" እንዳለው ነግሮኝ ሁላችንም ስቀናል።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ግራ እግሬ ሳላዘው ይሄድ ጀመር። እንዴት እንደመጣ እንጃ። አንድ ከሰዓት ዘፈኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለ አንዲት ስህተት ጨርሼ ቀና ስል አጎቴ በሩ ላይ ቆሟል። አልሰደበኝም። ወጥቶ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። ደስ ብሎት ነው ብዬ ያን ዕለት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በዚያው ሰሞን ሐኪም ዓይኑን ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል አለው። የባንዱ አለቃ ቤዝ ተጫዋቹ ነው፤ ረጅሙ ነው የሚባለው፣ በር ሲገባ አጎንብሶ ስለሆነ። ሆስፒታል ሊወስደው መኪና ይዞ መጣና ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ሰማኝ።

"ይህቺ ማናት?"

"የወንድሜ ልጅ ናት። ስፌት ናት፣ ተዋት" አለ አጎቴ።

"እንዴት እተዋታለሁ? አንተ እስክትድን ቅዳሜ ትቀመጥልን።"

ጉድ ፈላ አልኩ በልቤ። አጎቴ ጋራዡን በላያችን ላይ ያፈርሰዋል ብዬ ስጠብቅ ፈገግ አለ። "ትቀመጥ፣ ምን ቸገረኝ" አለ። "እንዲያውም ደስ ይለኛል።"

ያ ሰውዬ ደስ ይለኛል ሲል ሰምቼው አላውቅም ነበር። ይህን ጊዜ ነበር መሸሽ።

ከቅዳሜው በፊት መሣሪያውን ልሞክረው ብዬ አዳራሹ ድረስ ሄድኩ። ጥበቃው "የሳጥኑ ቁልፍ አጎትሽ ጋ ነው" አለኝ። አጎቴ ጋ ስደውል ቁልፉ ኮቴ ውስጥ ነው፣ ኮቱ እትዬ ጋ ነው፣ እትዬ መንገድ ላይ ናት ሲለኝ ሰነበተ። ቁልፉ የደረሰኝ ቅዳሜ፣ አዳራሹ ሞልቶ፣ ዘፋኟ ማይኩን ይዛ ቆማ ነው። እትዬ ቁልፉን ስታቀብለኝ ዓይኔን አላየችም።

የመጀመሪያው ዘፈን የሚከፈተው በስቲል ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ዝም ይላል። ብረቱን መስመሩ ላይ አሳረፍኩ፣ መታሁ፣ ግራውን ፔዳል ረገጥኩ።

የወጣው ድምፅ የእኔ አልነበረም። ሽቅብ መውጣት የነበረበት ክር ቁጭ ብሎ ሌላው ወጣ። ደነገጥኩና በጉልበቴ ላስተካክል ስገፋ የባሰ ወደ ታች ተንሸራተተ። ዘፋኟ ዞር ብላ አየችኝ። ድራመሩ የሚረዳኝ መስሎት ገባ፤ ቤዙ ተከተለ፤ እኔ በየፔዳሉ ላይ እየተፍጨረጨርኩ ዘፈኑን አተረማመስኩት። እግሬ ትክክል ነበር። ቦታውን ያውቀዋል፣ ስንት ጊዜ የረገጠው ቦታ ነው። ግን በረገጥኩ ቁጥር የሚመጣው ሌላ ነው። ከመሃል አንዱ "ኧረ ያንን በር ዘይት ቀቡት!" ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ አመሰግናት ነበር። ረጅሙ ጎንበስ አለና ቀስ ብሎ "ውረጂ" አለኝ።

ለእረፍት ሲወጡ ጥቁሩን ጨርቅ ገልጬ ከመሣሪያው ስር ገባሁ። የስልኬን መብራት አበራሁ። የጋራዡን መሣሪያ ሆድ ደህና አድርጌ አውቀዋለሁ፤ ዘንግ ሲላላ የማጠብቀው እኔ ነኝ። የዚህኛው ዘንጎች ግን ተገላብጠዋል። እኔ አንድ የምለው ከቀኝ ነው፣ ሦስት የምለው ከግራ። የጉልበቱም እንደዚያው፣ ግራው ቀኝ ቀኙ ግራ ነው። መሃለኛው ፔዳል ብቻ ቦታው ላይ ነው። እዚያው ወለሉ ላይ በጀርባዬ እንደተኛሁ ያ እሁድ ታየኝ፤ ጋራዡን ዘግቶ፣ መፍቻ ይዞ፣ እኔ ውኃ ሳቀብለው። ከኋላዬ የሚቆመው ለምን እንደሆነ፣ ጨርቁ ለምን እንደሆነ፣ ቁልፉ ለምን እንደዘገየ፣ ሁሉም አንድ ላይ ገባኝ። ደሜ ፈላ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ምንም መሣሪያ ላይ የማይሠራ እግር ነው ያበጀልኝ።

በማግስቱ በመጠየቂያ ሰዓት ሆስፒታል ሄድኩ። አንድ ዓይኑ ታሽጎ፣ ትራስ ደገፍ ብሎ ተኝቷል፤ እትዬ አጠገቡ አንሶላ ታጥፋለች።

"ጋሼ፣ ፔዳሉን ገልብጠው ነው ያስተማሩኝ።"

ዓይኑን በጨው አጥቦ ሳቀብኝ። "ዘገየሽ እኮ! በሁለት ወር ትደርሺበታለሽ ብዬ ነበር። ነገር እንደማይገባሽ ረስቼ።"

"ለምን?"

"ለምን ትላለች!" ለእትዬ ነው የሚነግራት። "በቤቴ ታድራለች፣ በጋራዤ ትቀመጣለች፣ አሁን ደግሞ ወንበሬ አማራት። በሕይወት እያለሁ ማንም እኔ ቦታ ላይ አይቀመጥም። ልማር አልሽ፣ ተማርሽ። ጋራዡ ውስጥ እስክታረጂ ተጫወቺ፣ ማን ከለከለሽ?"

"ሁለት ዓመቴን በሉብኝ!"

"ባታስበይኛ!"

ወደ እትዬ ዞርኩ። "እርስዎም ያውቁ ነበር?"

እትዬ የታጠፈውን አንሶላ ዘርግታ እንደገና ማጠፍ ጀመረች። መልሱ ይኸው ነው። ነርሷ ድምፅ ቀንሱ ልትለን ስትመጣ ጥያቸው ወጣሁ።

ከዚያ በቀጥታ ረጅሙ ጋ ሄድኩ። ነገሩን ስነግረው ሳቀ፣ ሳቀ፣ እንባውን እስኪጠርግ ሳቀ። "አይ ሽማግሌው!" ይላል። እኔ እየተቃጠልኩ ነው፣ እሱ ጨዋታ ሆኖለታል። በመጨረሻ ትንፋሹን ሰብስቦ "ስሚ" አለኝ። "የቤታችሁን ጣጣ እዚያው ቤታችሁ። መሣሪያው የባንዱ ነው፣ እንደሚመችሽ አድርጊው። ቅዳሜ ከተጫወትሽ ወንበሩ ያንቺ ነው፤ ለቋሚ ነው የምልሽ። ካልቻልሽ ኪቦርድ አስገባለሁ፣ ሁለታችሁንም እገላገላለሁ።"

እንግዲህ ወይ እግሬን መቀየር ነው ወይ ዘንጉን። እግር ለመቀየር ሌላ ሁለት ዓመት ያስፈልገኛል። ከፋብሪካው መካኒክ መፍቻ ተውሼ ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ባዶ ሳለ ከመሣሪያው ስር ተጋደምኩ። አንዱን ዘንግ ፈትቼ በሌላው ቦታ፣ ሌላውን በዚያኛው፣ ማንሻዎቹንም እንዲሁ። ጣቶቼ ቅባት በቅባት ሆኑ። ስጨርስ ተቀምጬ ረገጥኩት፤ ድምፁ ወጣ፣ የእኔ ድምፅ፣ ቦታው ላይ። ለእኔ ሲስተካከል ለእሱ እንደሚበላሽ አልጠፋኝም። አውቄ ነው ያደረግሁት። ምን አባቱ!

ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። ያለፈው ቅዳሜ ያንን በር የሰማ ሰው ሁሉ ዛሬ ምን ታመጣ ይሆን ብሎ ነው የመጣው። ወንበሩ ላይ ልቀመጥ ስል ከወደ በሩ ጭብጨባ ተነሳ። አጎቴ ነው። ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ እትዬ ክንዱን ይዛው፣ በሰዎቹ መሃል ይመጣል። ሐኪሙ ተኛ ያለውን ትቶ ነው የወጣው። መድረኩ ላይ ወጣና ዝንብ እንደሚያባርር እጁን አወናጨፈብኝ።

"ዞር በይ፣ ስፌት። ኪስሽን ስፊ።"

ረጅሙ አየኝ። ንገሪው ነው ዓይኑ የሚለው። እኔም መልሼ አየሁት። ዝም አልኩ፣ እሱም ዝም አለ። ወንበሩን ለቅቄለት ከድራሙ ጎን ቆምኩ።

ተቀመጠ። ጥፍሮቹን አጠለቀ። ብረቷን አሳረፈና መታ፣ ረገጠ።

ያው የእኔው ያለፈው ቅዳሜ ድምፅ ወጣ፣ ያው ዘይት ያጣ በር። ከፊት ያሉት ሁለት ሦስት ሰዎች ሳቁ፣ ያም የባለፈው ሰውዬ ጮኸ። አጎቴ እግሩን አላነሳም፣ አንዴ ደግሞ ረገጠ፣ ሌላ ክር ወጣ። ከዚያ ቀስ ብሎ መነጽሩን አወለቀና በአንድ ዓይኑ ፈለገኝ፣ አገኘኝም። ፈገግ አልኩለት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ ሁለት ዓመት የዋጥኩት ስድብ ሁሉ በዚያች ደቂቃ ተከፈለኝ። ተነስቶ ይሄዳል ብዬ ወደ ወንበሩ አንድ እርምጃ ሁሉ ተራመድኩ።

አልተነሳም። ግራ እግሩን ከፔዳሎቹ ላይ አንስቶ ወለሉ ላይ አስቀመጠው። ጉልበቶቹን ከማንሻዎቹ ሰበሰበ። ባንዱ ሊገባ ሲያኮበኩብ እጁን አንስቶ "ማንም እንዳይነካ" አለ። ከዚያ በብረቷ ብቻ ጀመረ።

ፔዳል ያለው መሣሪያ ሳይመጣ በፊት ፔዳል በሌለው ይጫወት እንደነበር ማን ነገረኝ? እኔ የማውቀው ሽቅብ የሚያወጣው ፔዳሉ እንደሆነ ነው። እሱ በእጁ አወጣው። ብረቷን ክሮቹ ላይ አጋደላት፤ አንዱን ክር እዚህ፣ ሌላውን ራቅ አድርጎ በአንዲት ብረት ይዞ፣ በመስመሮቹ መሃል፣ ምንም ምልክት በሌለበት ቦታ፣ በዚያ ላይ በአንድ ዓይኑ፣ አንዲትም ድምፅ ሳትስትበት። ያው ዘፈን ነው፤ ጋራዥ ውስጥ እስኪሰለቸኝ የተጫወትኩት። አላወቅሁትም። የሚጨፍሩት ቆሙ። ብርጭቆ የያዘው ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ። የሚሳደብ፣ የሚያላግጥ፣ የወንድሙን ልጅ ሁለት ዓመት የሚያታልል ሰው እንዴት ያንን ድምፅ ያወጣል? ጠላሁት። ከእስካሁኑ ሁሉ አብልጬ ጠላሁት፣ እንባዬም መጣ። አንድ ጠዋት ሙሉ የቀያየርኩት ዘንግ ከዚያ ነገር ጋር ምንም እንደማይገናኝ እዚያው ቆሜ ገባኝ።

ሲጨርስ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ያ ዘይት ዘይት የሚለው ሰውዬ ወንበር ላይ ወጥቶ ያፏጫል። አጎቴ ጥፍሮቹን ከጣቱ አወለቀ፣ ተነሳና ወደ እኔ መጣ።

"ወንበሩን አይደል የፈለግሽው? ያውልሽ።"

"ጋሼ፣ አሁን..."

"ተቀመጪ እንጂ! ዘንጉን የቀየርሽው ለማን ነው?" ክርኔን ይዞ ገፋኝ። አፉ ጆሮዬ ላይ ነው፤ "ከዚህ የተሻለ ሰዓት አላገኝልሽም" አለኝ።

ረጅሙ ሁለተኛውን ዘፈን ቆጥሮ ሊያስገባ ነው፣ ሰው ሁሉ እኛን ያያል። ተቀመጥኩ። ወንበሩ ሞቆ ነበር። ብረቱን አሳረፍኩ፣ መታሁ፣ ረገጥኩ። ፔዳሎቹ እንዳዘዝኳቸው ታዘዙኝ። አንድም አልሳትኩም፤ አንድ፣ ሁለት፣ ጉልበት፣ ልቀቅ፣ ሁሉም ቦታው ላይ። ዘፋኟ ዞራ ፈገግ አለችልኝ። ረጅሙ ራሱን ነቀነቀልኝ። ሰዎቹም መጨፈር ጀመሩ፤ ማውራትም ጀመሩ። ዘፈኑ ግማሽ ሳይደርስ ከመድረኩ ስር አንዱ ስለ መኪናው ጎማ ለጓደኛው ሲያስረዳ ቃል በቃል ይሰማኝ ነበር። አጎቴ ፊት ለፊት ያለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ክንዱን አጣጥፎ፣ እስከ መጨረሻው ዘፈን ድረስ አዳመጠኝ። አንዴም አልሳቀም። ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

ዕቃ ስንሰበስብ ረጅሙ ወንበሩ የእኔ እንደሆነ በሰው ፊት ተናገረ። ከፋብሪካው ልወጣ ነው፣ ክፍል ልከራይ ነው፣ የተመኘሁት ሁሉ እጄ ገባ። ያየ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ሲለኝ፣ እሺ፣ እሺ እላለሁ።

እሁድ ጠዋት የአጎቴን በር አንኳኳሁ። እትዬ ፋሻውን እየቀየረችለት ነበር። ይህን ሰው መለመን ማለት ምን ማለት እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው። ግን ለመንኩት።

"ጋሼ፣ የትናንቱን፣ ያለ ፔዳል የተጫወቱትን ያስተምሩኝ።"

ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ስድብ አልመጣም፣ ድምፁም ከፍ አላለም።

"ፔዳል ይገለበጣል፤ ገልብጬ አስተማርኩሽ" አለ። "የትናንቱ ግን የሚገለበጥ ነገር የለውም። ካስተማርኩሽ ታውቂዋለሽ።" ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "ስለዚህ አላስተምርሽም።"

እትዬ እጇ ላይ ያለውን ፋሻ ትታ መጣችና በሩን ዘጋችብኝ።

አሁን ለብቻዬ የምኖርባት ክፍል አለችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ወንበር ላይ ነኝ፣ ፔዳል አልስትም። ሰው ይጨፍራል፣ ያወራል፣ ወሬውን አንዲት ደቂቃ አያቋርጥልኝም። በሌላው ቀን የባንዱን መሣሪያ ክፍሌ አስገብቼ፣ በሩን ቆልፌ እግሬን ወለሉ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ብረቷን አጋድላለሁ፣ ያቺ ጅራቷን የተረገጠች ድመት ትጮኻለች። የሚሰድበኝ እንኳ የለም።